ተለማማጇ የጨረሰችው እርጎ

ኢንስፔክተር አፀደ ቅምሻ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የወደቀውን ወንበር ነው። ቀጥሎ ማንኪያውን አየች፤ ከጠረጴዛው ሥር ተንከባሎ ግድግዳው ጥግ ቆሟል። ነጩ ሴራሚክ ላይ አንድ እግር ጥቁር የሴት ጫማ ብቻውን ቀርቷል። ባለቤቲቱን አምቡላንስ ይዟት ከሄደ ቆይቷል።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት የፕላስቲክ ኩባያዎች አሉ። ሁለቱ አልተነኩም። ሦስተኛው ተጠራርጎ ተበልቷል።

"የእንጆሪ እርጎ ነው፣ ኢንስፔክተር" አለ ሳጅን ጀቤሳ። በጓንት የያዘውን ክዳን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ፊቱን አጨማደደ። "ሦስቱም ይሸታሉ። እኔ ከብት ጠባቂ ሆኜ ነው ያደግኩት፤ ይሄ ሽታ አይጠፋኝም። የመዥገር መድኃኒት ነው። ላም የሚረጭበት።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እናቴ ስትረጭ ጀሪካኑን የምይዝላት እኔ ነበርኩ።"

ቦታው የቁና ሱፐርማርኬቶች ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር የቆመ ባለ መስታወት ሕንፃ። በከተማው ውስጥ ባሉት የቁና መደብሮች የሚደረደር ዘይትም ሆነ ብስኩት፣ ሽሮም ሆነ እርጎ አስቀድሞ እዚህ ክፍል መጥቶ ይቀመሳል። ቀማሾቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከኮሌጅ ለሥራ ልምምድ የተላኩ ወጣቶች ናቸው። ቀምሰው "ጣፋጭ ነው፣ ጎምዛዛ ነው፣ ይቀጥናል" ይላሉ፤ አለቃው ይወስናል።

አፀደ በሩ ላይ ወደተኮለኮሉት ሠራተኞች ዞረች። "ልጅቷ ማን ትባላለች?"

ተያዩ። "ሃዊ" አለ አንዱ።

"የአባቷስ ስም?"

የሚያውቅ የለም። "ተለማማጅ እኮ ናት" አለች አንዲት ሴት፣ መልሱ ያ ይመስል።

የአፀደ ስልክ ጮኸ። ዶክተር ሰልዋ ነበረች፣ ልጅቷን የተቀበለችው ሐኪም። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

"ሳጅንዎ የመዥገር መድኃኒት ነው ብሎ ደውሎልኛል። የዓይኗ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል፣ የልቧ ምት ወርዷል፣ ብጠራት አትሰማኝም። ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ። የመዥገር መድኃኒት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሁለት ዓይነት አለ፣ በሽተኛ ላይ ሲታዩ ደግሞ መንታ ናቸው። ለአንደኛው ማርከሻ መርፌ በእጄ አለ። ሌላኛው ከሆነ ግን መርፌው ራሱ ሊገድላት ይችላል።"

"ላቦራቶሪስ?"

"ላቦራቶሪው እስኪመልስ እሷ አትጠብቅም። ጠርሙሱን አምጡልኝ፣ ኢንስፔክተር። ማን እንዳደረገው በኋላ ትደርሱበታላችሁ። መጀመሪያ ምን እንደሰጣት ንገሩኝ።"

*

የግዢ ክፍል ኃላፊው አቶ እንድርያስ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ነበር የጠበቃት። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሸሚዙ የነጣ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ በአንገቱ ያለው ማተብ ከከረባቱ በላይ ብቅ ያለ። ዓይኑ ቀልቷል። ከታች ካለው ካፌ አንዲት ሴት ሁለት ማኪያቶ ይዛ ገባች። "ለእኔ ሻይ አድርጊልኝ፣ እህቴ" ብሎ አንዱን መለሰላት። አፀደ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም፤ ጨጓራዋም እየጮኸ ስለነበር የራሷን ማኪያቶ ፉት አለች።

"እርጎውን ያመጣው ማን ነው?"

"ወይዘሮ ኡሙሀኒ የምትባል ሴት። ሸጎሌ ከብት አላት። ዛሬ ማለዳ ራሷ አምጥታ ለዘበኛ ሰጥታ ሄደች። እሱም ቅምሻ ክፍሉ ፍሪጅ ውስጥ አስገባው።" ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። "ትንንሽ አምራቾችን እናበረታታ ብለን እኮ ነው! ላሞቿን ረጭታ፣ በዚያው እጇ ወተት ነክታ… ከእንግዲህ ማን ደፍሮ ያበረታታል?"

"ክፍሉ ይቆለፋል?"

"አይቆለፍም። ሁሉም ይገባል፣ ይወጣል።"

"ከሃዊ ሌላ የቀመሰ አለ?"

"እኔም አንድ ማንኪያ ቀምሻለሁ" አለና ሆዱን ያዝ አደረገ። "ከዚያ ወዲህ ይቆርጠኛል። ያዞረኛልም።"

"ታዲያ ሆስፒታል አይሄዱም እንዴ!"

"ሠራተኞቼን በዚህ ድንጋጤ ውስጥ ጥዬ የት እሄዳለሁ? እኔን ተዪኝ። ልጅቷን አድኑልኝ።"

ደግ አለቃ ነው ስትል አሰበች አፀደ። ጀቤሳን ወደ ሸጎሌ ላከችው።

*

ሁለተኛዋ ተለማማጅ ትሕትና የደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ከቀጨኔ ነው የምትመጣው። እሷና ሃዊ ሥራ የጀመሩት አንድ ቀን ነው፤ በወሩ መጨረሻ ከሁለቱ አንዷ በቋሚነት ትቀጠራለች ተብሏል። ይህን አፀደ ከሰዎች ሰምታለች።

"ዛሬ ቅምሻ ክፍል ገብተሻል?"

"አልገባሁም።"

"ትሕትና።"

"ወላዲተ አምላክን፣ አልገባሁም!"

"ዘበኛው እርጎውን ካስገባ በኋላ ከዚያ ክፍል ስትወጪ አይቶሻል።"

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አፀደ አልቸኮለችም፤ ደረጃው ላይ አጠገቧ ቁጭ አለች።

"ማንኪያና ሶፍት ላዘጋጅ ነው የገባሁት" አለች ትሕትና በመጨረሻ። "ተራው የኔ ነበር። መቅመሱ… የኔ ተራ ነበር። ከዚያ ዋጋ መለጠፍ ሂጂ ተባልኩ፣ እሷ ገባች። የኔን ነው የበላችው። እኔ መሆን ነበረብኝ እኮ!"

"ለምን ተቀየረ?"

"ተለማማጅ ለምን አይልም፤ ሂድ ሲሉት ይሄዳል።"

"ከሁለታችሁ አንዷ ብቻ እንደምትቀጠር ታውቂያለሽ?"

ትሕትና ቀና አለች። ጥያቄው የት እንደሚያደርስ ገባት። "እኔ ሃዊን? እሷ እኮ… ኮምፒውተሩን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሌሎቹ 'አንቺ ልጅ' ነው የሚሉን። እሷ ብቻ ናት በስሜ የምትጠራኝ።"

እንባ ከእውነትም ከውሸትም ይወጣል። አፀደ በሥራዋ ሁለቱንም ብዙ ጊዜ አይታለች። መድኃኒቱ ለትሕትና ታስቦ በስሕተት ሃዊን አገኛት? ወይስ ይህች ልጅ ራሷ ናት? ተራውን ማን እንደቀየረው ልትጠይቃት አፏን ስትከፍት ስልኳ ጠራ። ጀቤሳ ነው።

"ጠርሙስ አግኝቻለሁ፣ ኢንስፔክተር። ሴትዮዋ ጋጣ ውስጥ። ቶሎ ይምጡ፣ ሰፈርተኛው ተሰብስቦብኛል።"

*

ሸጎሌ የከብት ገበያው አቧራ አልረገበም። ሚኒባሶች እየጮኹ፣ ደላሎች እየተጣሩ፣ መኪናው በሰውና በበሬ መካከል እየተጋፋ ወይዘሮ ኡሙሀኒ ደጃፍ ደረሰ። ሴትዮዋ ጠይም፣ ወፍራም ናት፤ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማ ትጮኻለች። ጀቤሳ ግማሽ ድረስ የጎደለ ቡናማ ጠርሙስ ይዟል።

"ለዶክተሯ ስሙን ላንብብላት?" አለ።

አፀደ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ገና ሳታወራ ኡሙሀኒ ፖሊሶቹን ገፍታ ወደ ጓዳ ሮጠች። ተከትለው ሲገቡ ከትልቅ የአሉሚኒየም ድስት በጭልፋ እርጎ ትቀዳለች።

"ተዪው! ወይዘሮ ኡሙሀኒ፣ ተዪው!"

ሴትዮዋ ጭልፋውን ወደ አፏ አስጠግታ ጨለጠችው። ደግማ ቀዳች። ደግማ ጠጣች። ከአገጯ ላይ እየጠረገች አፀደን ፊት ለፊት አየቻት።

"ያው! ከዚሁ ድስት ነው የቀዳሁላቸው። ልጆቼ ጠዋት በልተውታል፣ ይሄው በር ላይ ኳስ ይራገጣሉ። ጎረቤቴ ወስዳለች፣ ያቺ ከፊትሽ የቆመችው። ማን ሞተ? ማን ታመመ? ወላሂ እኔ መድኃኒት ስረጭ ወተት አልነካም፤ እጄን በኦሞ ሳልታጠብ ጓዳ አልገባም!"

ጀቤሳ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። "ምንም የለውም።"

ከስልኩ ውስጥ የዶክተር ሰልዋ ድምፅ ይጣራል። "ሄሎ? ጠርሙሱ ተገኘ? ምንድን ነው ስሙ?"

አፀደ ጠርሙሱን አየችው። ስሙን ብታነብላት ሐኪሟ ትወስናለች፣ ኃላፊነቱም ከእሷ ትከሻ ይወርዳል። ግን ከድስቱ የወጣው እርጎ ንጹሕ ከሆነ መድኃኒቱ የገባው ሕንፃው ውስጥ ነው። ከዚያ ሕንፃ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ የራሱን ጠርሙስ ነው የተጠቀመው።

"ጠርሙስ ተገኝቷል" አለች። "ግን ያ ጠርሙስ አይደለም።"

"አይደለም ወይስ አይመስለዎትም?"

"መርፌውን አይውጉ፣ ዶክተር።"

"አፍ አውጥተው እየነገሩኝ ያሉትን ያውቃሉ? መውጋት ኖሮብኝ ሳልወጋት ብትሞትስ?"

"ትንሽ ብቻ ይጠብቁኝ።"

ስልኩን ዘጋች። ኡሙሀኒ በርጩማ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ ንዴቷ ወደ እንባ ተለውጧል።

"ገና ከጅምሩ ደስ አላለኝም ነበር" አለች። "እኔ ሐሙስ ላምጣላችሁ ብዬ ነበር። ዓርብ የኛ ወተት ሻጮች ቀን አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ ይጾማል፣ ማን ይገዛኛል? ማንስ ይቀምስልኛል? ያ አለቃቸው ግን 'አይሆንም፣ ዓርብ ካልሆነ' ብሎ ድርቅ አለ።"

አፀደ ቀጥ ብላ ቀረች።

ዓርብ። ጨጓራዋ ካመማት ወዲህ የንስሐ አባቷ ከጾም አሳርፈዋታል፤ ከዚያ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ እንደ ሌላው ቀን ያልፍባት ነበር። ማኪያቶውን ያለ ምንም ሐሳብ ነው የጠጣችው። ሰውየው ግን የራሱን መልሶ ሻይ ጠየቀ። ማተቡ ከከረባቱ በላይ ነበር። ይህ ሰው በዓርብ ጠዋት አንድ ማንኪያ እርጎ ቀመስኩ አላት።

ትሕትና ጋ ደወለች።

"ዓርብ ዓርብ ከመካከላችሁ የማይጾም ማን ነው?"

"ሃዊ ብቻ። ጴንጤ ናት እሷ።"

"ተራችሁን የቀየረው ማን ነው?"

"አቶ እንድርያስ" አለች ትሕትና፤ ድምፅዋ ወረደ። "'አንቺ ትጾሚያለሽ፣ እሷ ትግባ' አሉኝ።"

*

አቶ እንድርያስ ሆስፒታል የመጣው ተጠርቶ ነው። የተነገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርጎውን የቀመሰ ሰው ሁሉ ሐኪም ሊያየው ይገባል። እምቢ ቢል ያስጠይቀዋል፤ መጣ።

የገባበት ክፍል ጠባብ ነው። ከመጋረጃው ባሻገር የማሽን ድምፅ ይሰማል፤ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ይመታል። ሰውየው ወደዚያ ላለማየት ግድግዳው ላይ አፍጥጧል።

"የማን ድምፅ ነው?" ሲል ግን ጠየቀ።

"የሃዊ ልብ ነው" አለች ዶክተር ሰልዋ። ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ትሪ ላይ ሲሪንጅ አንሥታ አየሩን አስወጣች። "እርስዎም ቀምሰዋል ተብያለሁ። መቼ?"

"ጠዋት። አንድ ማንኪያ።"

"ይቆርጥዎታል?"

"ትንሽ… አሁን እንኳ ተሽሎኛል።"

"ይሄ መርዝ ይሻላል ብሎ ሰው ያዘናጋል፣ ከዚያ ይጥላል። እጅዎን ይስጡኝ።"

አፀደ በሩን ተደግፋ ቆማለች። "መርፌው ምንድን ነው፣ ዶክተር?"

"ማርከሻው ነው። ስሙን በኋላ ባነበባችሁልኝ፣ ከኡሙሀኒ ቤት በተገኘው መድኃኒት ለተመረዘ ሰው ሕይወት ነው። ላልተመረዘ ሰው፣ ወይም በሌላኛው ዓይነት ለተመረዘ፣ ልብ ያቆማል።"

"አቶ እንድርያስ የኡሙሀኒን እርጎ በልተዋል" አለች አፀደ። "ስለዚህ ምንም አይሆኑም። አይደል?"

ሰውየው እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሐኪሟ ክንዱን በአልኮል ጠረገችው። ከመጋረጃው ወዲያ ማሽኑ አንዴ መታ፤ ዝም አለ፤ አንዴ መታ። መርፌው ቆዳውን ሊነካ ሲል ክንዱን መንጭቆ ወደ ደረቱ ሸጎጠው።

"አልቀመስኩም!"

ሰልዋ ሲሪንጁን ወደ ኋላ መለሰችው።

"አልቀመስኩም… እኔ አፌ ላይ አላደረስኩትም።"

"አውቃለሁ" አለች አፀደ። "ዓርብ ነው።" ከበሩ ለቀቀችና ተጠጋችው። አንቱታውን በሩ ላይ ትታው መጣች። "ለመጾም ፈሪሃ እግዚአብሔር አለህ። እሷን ግን አስገባሃት። ጠርሙሱ የት ነው?"

"የምን ጠርሙስ?"

"ስማ! ይሄ የምትሰማው ልብ ቢቆም በነፍስ ነው የምትጠየቀው። ጠርሙሱ የት ነው ያለው?"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "መኪናዬ ውስጥ። ኋላ… ከመለዋወጫ ጎማው ሥር።"

ውጭ ሲጠብቅ የነበረው ጀቤሳ የመኪናውን ቁልፍ ተቀብሎ ሲሮጥ የጫማው ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው። ሰልዋ ሲሪንጁን ትሪው ላይ ወረወረችው። "ውኃ ነው ውስጡ" አለች ለማንም ሳይሆን። "ሰው በመርፌ አስፈራርቼ አላውቅም፤ ሁለተኛም አላደርገውም።"

ጀቤሳ ሲመለስ ትንፋሹ ተቆራርጧል። ሐኪሟ ጠርሙሱን ተቀብላ ወረቀቱን አነበበች። ደጋግማ አነበበችው። ከኡሙሀኒ ቤት የተገኘው ዓይነት አልነበረም። ቀና ብላ አፀደን ስታያት ፊቷ አመድ መስሏል።

"ሌላኛው ነው" አለች። "ያን ጊዜ ወግቻት ቢሆን…" አልጨረሰችውም። መጋረጃውን ገፍታ ገባችና ነርሶቹን መጥራት ጀመረች።

አፀደ ከሰውየው ጋር ቀረች። "ምን አደረገችህ?"

"ምንም! እሷን ማን አስቦ? እርጎው ነው እንጂ… እርጎው ብቻ እንዲወድቅ ነው የፈለግኩት።" ቃሉ እርስ በርሱ እየተደናቀፈ ወጣ። የቁናን መደርደሪያ በእርጎና በወተት የያዘው የሚስቱ ወንድም ፋብሪካ ነው። የኡሙሀኒ እርጎ ሁለት ጊዜ ተቀምሶ ሁለት ጊዜ ተወዷል፤ ሦስተኛውን ካለፈ ሊገባ ነው። አማቹ ቤቱ ድረስ መጥቶ ለመነው፣ ሚስቱ አኮረፈች። "ላም ያላት ሴት ናት፣ የመዥገር መድኃኒት ቢገኝበት ማን ይገረማል ብዬ…"

"ሦስቱም ኩባያ ውስጥ ጨመርክ።"

"አንድ ማንኪያ ነው እኮ የሚቀምሱት! ዓርብ ያልኩትም ከእሷ በቀር ሁሉም ስለሚጾም ነው፤ አንድ ሰው ብቻ እንዲነካው! አንድ ማንኪያ ሆድ ከመቁረጥ አያልፍም ነበር። ትተፋዋለች ብዬ… ማን ነው ሙሉ ኩባያ የሚጨርሰው? ሽታውን እያሸተተ ማን ይጨርሳል?"

አፀደ ካቴናውን ስታስገባለት እጁ በረዶ ሆኖ ነበር።

*

ሃዊ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች፤ ቃሏን ለመስጠት የበቃችው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። አፀደ ወንበር ስባ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠች። ልጅቷ ያላት ሁሉ ዓይን ብቻ ይመስል ነበር፤ ፊቷ ከስቷል፣ ድምፅዋ ሻክሯል። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ መለሰች። አቶ እንድርያስ ነው ግቢ ያላት፤ አዎ፣ ክዳኑን የከፈተችው ራሷ ናት፤ አዎ፣ ብቻዋን ነበረች።

"ሽታው አልታወቀሽም?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነበር። አፍንጫዬ ተደፍኖ፣ ጣዕሙም አልገባኝም።"

"ጣዕሙ ካልገባሽ…" አፀደ እስክሪብቶዋን አቆመች። ይህ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲከነክናት ከርሟል። "ታዲያ ለምን ጨረስሽው፣ ሃዊ?"

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ቅምሻ ባለ ቀን ከቤት ቁርስ አልበላም። ለታናናሾቼ እተወዋለሁ። እዚያ ብስኩትም አለ፣ ዳቦም አለ… ለቤት ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ቁርስ ያበላናል እላቸዋለሁ።" አንገቷን መለሰች፤ ዓይኗ ውስጥ ሞትን ከተሻገረች ወዲህ ያልታየ ፍርሃት ነበር። "ይሄን አይጻፉብኝ፣ እማማ። በናትዎ። ርቧት ነው የበላችው ይሉኛል።"

አፀደ እስክሪብቶውን ከደነችው። "አልጽፈውም" አለች። ክሱ ያለዚያም ይቆማል። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ አለበሰቻት።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የሃዊ አባት አቶ ቶለሳ ናቸው። ከገጠር መጥተው ከተማ ከገቡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ግን ሰው ሲመጣ ባርኔጣቸውን ማውለቅ አልተዉም። ተነሡ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። "ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። አንድ ማንኪያ ነው የሚቀመሰው፣ እሷ ግን ሙሉውን በላች ይላሉ። ሃዊ ስግብግብ ልጅ አይደለችም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለሌላው ሳትሰጥ አትጎርስም። ለምንድን ነው የጨረሰችው?"

አፀደ ሽማግሌውን አየቻቸው። በምርመራ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ሲዋሽ ሰምታለች፤ ሐሰት የሚናገር ሰው ዓይን ወዴት እንደሚሸሽ ታውቃለች። የራሷን ዓይን ከዓይናቸው አልነቀለችም።

"ሥራዋ ነው፣ አባቴ። በደንብ የሚሠራ ቀማሽ እስከ ታች ይጨርሰዋል። ላዩና ታቹ አንድ ዓይነት መሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።"

"እንደዚያ ነው?"

"እንደዚያ ነው።"

አቶ ቶለሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ወደ ልጃቸው ክፍል ገቡ።